የፍሪጁ ሞተር ተቃጠለ ሲባል

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሰቃ፣ በየቡም ሆነ በሊሙ ገነት፣ የብዙው ቤተ ሰብ የዓመቱ ሀብት የሚገኘው ቡናው ተለቅሞና ደርቆ ከተሸጠ በኋላ መሆኑ የታወቀ ነው። ገንዘቡ እጅ በገባ ጊዜ አባወራው የልጆቹን የትምህርት ወጪ ይከፍላል፤ የዛገውን ቆርቆሮ ያስለውጣል፤ ዕዳውን ያወርዳል፤ ከዚህ የተረፈ እንደ ሆነም ለቤቱ የሚጠቅም አንድ ዕቃ ይገዛል። ከእነዚህም ዕቃዎች መካከል ፍሪጅ የተባለው ማቀዝቀዣ ዛሬ ከፍ ያለውን ስፍራ ይዟል። የሕፃናቱ ወተት፣ የበዓሉ ሥጋ፣ በትንሿ ሱቅ የሚሸጠው ለስላሳ መጠጥ፣ ይልቁንም የስኳር ሕመም ያለባቸው ወላጆቻችን የሚወጉት ኢንሱሊን በእርሱ ውስጥ ይጠበቃል።

ዳሩ ግን ይህ ዕቃ አንድ ቀን ማለዳ ዝም ብሎ ይገኛል። ባለሙያ ይጠራል፤ እርሱም ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይላል። ይህ ቃል በብዙ ቤት እንደ መርዶ ይሰማል። ከዚያም ባለቤቱ ሁለት መንገድ ብቻ ያለው ይመስለዋል፤ ወይ ሞተሩን ማስለወጥ፣ ወይ ፍሪጁን ጥሎ አዲስ መግዛት። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ከሁለቱም የሚቀድም አንድ ጥያቄ መኖሩን ለማሳሰብ እንወዳለን። ጥያቄውም «ምን ገደለው?» የሚል ነው። ገዳዩ ሳይታወቅ የተተካ ሞተር የፊተኛውን ተከትሎ ይሞታልና።

በቅድሚያ ይህ ሞተር ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በልማድ ሞተር የምንለው፣ በባለሙያዎች አጠራር ኮምፕሬሰር የሚባለው፣ ከፍሪጁ በስተኋላ ከግርጌ የተቀመጠው ጥቁር ድቡልቡል ብረት ነው። በውስጡ የኤሌክትሪክ ሞተርና ትንሽ ፒስተን ከዘይት ጋር አብረው ታሽገዋል። ሥራውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የነገሩን ግማሽ ያውቃል። ከእሳቱ ላይ የሚነሣው እንፋሎት በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ወደ ተከበበው ዕቃ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ የያዘውንም ሙቀት ለውኃው ያስረክባል። ውኃው እየሞቀ በየጊዜው መለወጥ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። እንፋሎት ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ ሙቀት ይሰጣል፤ ፈሳሽ ወደ እንፋሎትነት ሲለወጥ ደግሞ ሙቀት ይወስዳል። ሐኪም ከመውጋቱ በፊት ክንዳችንን በአልኮል ሲያብሰው የሚቀዘቅዘን አልኮሉ እየተነነ የገላችንን ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ሌላውን ግማሽ ደግሞ የብስክሌት ጎማ የነፋ ልጅ ያውቀዋል፤ አየር በኃይል ሲጨመቅ መንፊያው ይሞቃልና።

ፍሪጁ እነዚህን ሁለት ነገሮች አጣምሮ ይሠራል። ኮምፕሬሰሩ በውስጥ ያለውን ጋዝ ይስብና ይጨምቀዋል። ጋዙም ግሎ ከፍሪጁ ኋላ ወይም በጎኑ ወዳለው የብረት ቱቦ ይሄዳል፤ በዚያም ሙቀቱን ለቤቱ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ እጅግ በቀጠነች የመዳብ ቱቦ በጭንቅ ካለፈ በኋላ ወደ በረዶ ቤቱ ሲደርስ ድንገት ስፋት ያገኛል፤ ይተንናል፤ ሲተንም ከሥጋውና ከወተቱ ሙቀትን ይወስዳል። ከዚያም ተመልሶ በኮምፕሬሰሩ ይሳባል። እንግዲህ ኮምፕሬሰሩ ለፍሪጁ ልብ ለሰው እንደ ሆነ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ብልሃቱም የቆየ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ያዕቆብ ፐርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1834 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል።

እንግዲህ ይህን ልብ የሚገድለው ምንድን ነው? በእኛ አገር ዋነኛው ምክንያት የኤሌክትሪኩ ከፍና ዝቅ ማለት ነው። የጅማ ሰው በዚህ ነገር ቢገረም አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ግቤ ኃይል ማመንጫ ከጅማ ብዙ አይርቅም፤ የግድቡም ውኃ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ኃይሉ በቅርብ መፈጠሩ በቤታችን በሙሉ ጉልበቱ ለመድረሱ ዋስትና አይሆንም። ከማመንጫው ተነሥቶ በብዙ ጣቢያና ትራንስፎርመር ካለፈ በኋላ በየሰፈሩ ቀጭን ሽቦ ይከፋፈላል፤ በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት የሚያገኘው ከሌሎቹ የተረፈውን ነው። በምሽት ጎረቤት ሁሉ መብራትና ምድጃ ሲያበራ፣ በየቤቱም የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጥዶ እንጀራ ሲጋገር፣ 220 ቮልት ሊሆን የሚገባው ኃይል ወደ 180 ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል፤ ፍሪጅ ግን ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዋት አያልፍም። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲሠሩ ታላቁ የታናሹን ድርሻ ይወስድበታል።

አምፖል ኃይል ሲያንሰው ይደበዝዛል እንጂ አይጎዳም። ሞተር ግን እንዲህ አይደለም። ለመነሣት በቂ ጉልበት ያጣ ሞተር ባለበት ቆሞ እያጓራ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሆነ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ሽቦውም ይግላል፤ በሽቦው ላይ የተቀባው መከላከያ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ የሚደርሰው ጉዳትም ከዚህ የሚመሳሰል ነው። ኮምፕሬሰሩ ሥራውን ባቆመበት ቅጽበት በአንድ ወገን ያለው የጋዝ ግፊት ከሌላው እጅግ ይበልጣል፤ ግፊቱ እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። በዚህ መካከል ኃይሉ ቢመለስ ሞተሩ በር ተደግፎ እንደ ቆመ ጎልማሳ ያለበትን ግፊት ለመግፋት ይታገላል። ክረምቱ ረዥም፣ ነጎድጓዱም ብርቱ በሆነበት በደቡብ ምዕራብ አገራችን ደግሞ መብረቅ በመስመሩ ላይ የሚያስነሣው ድንገተኛ የኃይል ግፊት በዚህ ላይ ይጨመራል።

ሁለተኛው ምክንያት ከቤታችን ውስጥ ነው። ፍሪጁ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሲቆም፣ ከኋላው ያለው ብረት አቧራና የማዕድ ቤት ጥቀርሻ ሲለብስ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የበሩ ጎማ ሲላላ የውጭው አየር ሌሊቱን ሁሉ ይገባል። በፋሲካ ሌሊት ከእሳት የወረደው የዶሮ ወጥ ድስት በትኩሱ ሲገባ ደግሞ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ሦስተኛው ምክንያት የጋዝ መፍሰስ ነው። ኮምፕሬሰሩን ከሚያቀዘቅዙት ነገሮች አንዱ ወደ እርሱ የሚመለሰው ቀዝቃዛ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ሲያንስ ሞተሩ እየጋለ ይሄዳል። ቀዳዳው ሳይፈለግ በየስድስት ወሩ «ጋዝ ይሞላ» እየተባለ የሚከፈልበት ፍሪጅ፣ ቀዳዳው ባልተደፈነ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ግልጽ እናድርገው። በአጋሮ ከተማ የምትኖር አንዲት እማወራ እናስብ። በሐምሌ ወር ነጎድጓድ በበዛበት ሌሊት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በማግሥቱ ፍሪጁ «ቀጭ» ይላል፤ ጥቂት ያጓራል፤ እንደ ገና «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። የእናቷ ኢንሱሊን በውስጡ አለ። የቡናው ገንዘብ ካለቀ ቆይቷል፤ አዲሱ ቡና ገና በዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው። የተጠራው ወጣት ባለሙያም ጥቂት አይቶ፦

«እማማ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል፤ መለወጥ አለበት» ይላታል።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ መቃጠሉን በምን ዐወቅህ? ለእኔም አሳየኝ» ብትለው ንቀት አይደለም፤ መብቷ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያም በዚህ ጥያቄ አይቈጣም። መጀመሪያ መለኪያውን አውጥቶ የሶኬቱን ኃይል ይለካል። ቀጥሎ ፍሪጁን ከኤሌክትሪክ ለይቶ በኮምፕሬሰሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ክዳን ይከፍታል። በዚያ ሦስት የብረት እግሮች አሉ። ከእነርሱም ጋር ሪሌይ የሚባለው ማስነሻ፣ ኦቨርሎድ የሚባለው መጠበቂያና በአንዳንዱም ላይ ካፓሲተር ይገኛሉ። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የሚሰማው ከመጠበቂያው ነው፤ ሞተሩ ሊነሣ አቅቶት ሲግል ኃይሉን የሚቈርጥለት እርሱ ነው። ሞተሩ ደኅና ሆኖ ማስነሻው ብቻ ቢበላሽም ምልክቱ ይኸው ነው። የማስነሻው ዋጋ ግን ከኮምፕሬሰሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ባለሙያው እነዚህን ነቅሎ በሦስቱ እግሮች መካከል ያለውን የሽቦ ተቃውሞ በመለኪያ ያነባል። ሽቦው ደኅና ከሆነ የሁለቱ ትንንሾች ድምር ከትልቁ ሦስተኛ ጋር ይተካከላል። ከአንዱ እግር ምንም ንባብ ካልተገኘ ሽቦው ተቈርጧል። ከእግሮቹ አንዱ ከኮምፕሬሰሩ የብረት አካል ጋር ግንኙነት ካሳየ ደግሞ መከላከያው ተቃጥሎ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ እየፈሰሰ ነው፤ ይህም ለቤተ ሰቡ ሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ ፍሪጁ ፈጽሞ አይሰካም። ሽቦው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ግን በአዲስ ማስነሻ ተሞክሮ ይታያል። እንግዲህ «ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሁሉም በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ነው። እማወራዋ ራሷ ክዳኑን እንድትከፍት አንመክርም፤ ካፓሲተር ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን ኃይል ይዞ ሊቈይ ይችላልና። ቆማ መጠየቅና ንባቡን ማየት ግን ትችላለች። ልጇ በትምህርት ቤት የፊዚክስ ትምህርት የሚማር ከሆነም አጠገቧ ሆኖ ቍጥሩን ቢደምርላት በመጽሐፍ የተማረውን በቤቱ ያየዋል።

ሞተሩ በእውነት ሞቶ ከተገኘስ? በዚህ ጊዜ ማስላት ይገባል። ግንብ ከመሠረቱ በፊት ወጪን ማስላት እንዲገባ በወንጌል የሰማነው ትምህርት ለማዕድ ቤትም ይሠራል። መጠየቅ የሚገባውም ይህ ነው፤ ፍሪጁ ስንት ዓመት አገለገለ? አካሉ ዝጓል ወይስ ደኅና ነው? በሩ ይገጥማል? የኮምፕሬሰሩ፣ የጋዙና የእጅ ዋጋ ተደምሮ የአዲሱን ፍሪጅ ስንት እጅ ያህላል? በብዙ አገር ያሉ ባለሙያዎች እንደ ልማድ የሚከተሉት መለኪያ አለ። ፍሪጁ ከአሥር ዓመት በላይ ካገለገለና የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ ግማሹን ካለፈ መለወጡ ይሻላል ይላሉ። አምስት ዓመት ያልሞላው፣ አካሉም ደኅና የሆነ ፍሪጅ ግን በአዲስ ኮምፕሬሰር ብዙ ዘመን ሊያገለግል ይችላል።

ለማስለወጥ የቈረጠ ሰው ኮምፕሬሰሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብብ ወይም ያስነብብ። አዲሱ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ የሚሠራ፣ ጉልበቱ ከፊተኛው ጋር የሚመሳሰል፣ ለዚያው ዓይነት ጋዝ የተሠራ መሆን አለበት። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ለ115 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ በእኛ መስመር ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።

የጋዙም ዓይነት ልብ ሊባል ይገባዋል። በቀድሞ ዘመን ፍሪጆች የሚሠሩት አር-12 በሚባለው ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ ወደ ሰማይ ወጥቶ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደውን የኦዞን ንጣፍ እንደሚያሳሳ ስለ ታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል ከተማ መንግሥታት ሊቀንሱት ተስማሙ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 የስምምነቱ ተካፋይ ሆናለች። በታዳጊ አገሮችም ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲያበቃ ተደርጓል። ስለዚህ የአር-12 ፍሪጅ ያለው ሰው ለሞተሩ ብዙ ገንዘብ ባያወጣ ይሻለዋል። በእርሱ ፈንታ የመጣው አር-134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን በክብደት ሲመዛዘን ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይበረታል። በብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ የሚገኘው አር-600ኤ የሚባለው ነው። ይህ በምድር ሙቀት ላይ የሚያመጣው ጉዳት እጅግ ያነሰ ሲሆን መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራም በታች ነው፤ ዳሩ ግን እንደ ምድጃ ጋዝ ይቀጣጠላል። ከሰል ከነደደበት፣ ቡና ከሚፈላበት ወይም ሻማ ከበራበት ክፍል ውስጥ እንዲከፈት መፍቀድ አይገባም፤ መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ጋዙም ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ካልታወቀ በቀር በቱቦው ላይ የብየዳ እሳት አይነድም።

በመልካም የተሠራን ሥራ ለመለየት ባለቤቱ አራት ነገር ይመልከት። አንደኛ፣ ፊልተር የሚባለው ማጣሪያ ከኮምፕሬሰሩ ጋር አብሮ መለወጡን፤ የተቃጠለ ሞተር በዘይቱ ውስጥ አሲድና ጥላሸት ይተዋልና። ሁለተኛ፣ ቱቦው መታጠቡንና ቀዳዳ እንደሌለው መፈተኑን። ሦስተኛ፣ ከጋዙ በፊት አየሩና ርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ መውጣቱን፤ ይህም የጥቂት ደቂቃ ሥራ አይደለም። ጥቂት ርጥበት ቢቀር በቀጭኗ ቱቦ ጫፍ በረዶ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል። አራተኛ፣ ጋዙ በፍሪጁ ላይ በተጻፈው ልክ በሚዛን ተመዝኖ መግባቱን። ቡናውን በሚዛን የሚሸጥ ሰው ጋዙን በግምት ሊገዛ አይገባውም። አሮጌውንም ጋዝ ወደ አየር ከመልቀቅ በመሣሪያ ስቦ በዕቃ መያዝ የሚቻል ሲሆን እንዲያዝ ይጠይቅ፤ ፍጥረትን እንድንጠብቅ እንጂ እንድናቈሽሽ አልተሰጠንምና።

ፍሪጁ እስኪሠራ ድረስ በውስጡ ስላለው ነገር ደግሞ እንናገር። በሩ ሳይከፈት ከቆየ የታችኛው ክፍል አራት ሰዓት ያህል ምግብን ይጠብቃል። የበረዶው ክፍል ሙሉ ከሆነ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ ያለፈውን ሥጋ ቅቤና በርበሬ ሽታውን ይሸፍኑታል እንጂ አያድኑትም። ስለዚህ ገና በደኅናው ሳለ ሥጋውን ቀቅሎ መጨረስ፣ ወይም ዘልዝሎ በጨው ቋንጣ ማድረግ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር መካፈል ይሻላል።

ስለ ኢንሱሊን ግን የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በሥራ ላይ ያለው አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ጥላ ስፍራ አራት ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ጊዜው እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ የመድኃኒት ቤት ባለሙያን መጠየቅ ይገባል። እናቶቻችን ውኃ የሚያቀዘቅዙበት የሸክላ እንስራ በዚህ ጊዜ ይረዳል። ትልቁን ሸክላ በውጭ በኩል አርጥቦ፣ መድኃኒቱን ውኃ በማያስገባ ዕቃ አድርጎ በውስጡ ማኖርና ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ማስቀመጥ ነው። ውኃው ከሸክላው ላይ ሲተን ሙቀትን ይወስዳል፤ ይህም ከላይ ስለ አልኮሉ የተናገርነው ነው። በክረምት ግን አየሩ ርጥብ ስለሆነ ቅዝቃዜው ያንሳል፤ በዚያ ጊዜ ፍሪጁ ከሚሠራለት ጎረቤት ዘንድ ማኖር ይሻላል። መድኃኒቱን በበረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ አይገባም፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል እንጂ አይወጋምና።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ የለዘበ ነው፤ የቤት አየር ማቀዝቀዣም በእኛ ዘንድ የተለመደ አይደለም። ነገር ግን ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው በጋምቤላ፣ በአፋር፣ በድሬዳዋ ወይም በጅቡቲ የሚኖሩ አንባብያን ብዙ ናቸው። አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 ለብሩክሊን ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በርጥበት እንዳይበላሽ ብሎ የነደፈው ያ መሣሪያ ዛሬ በቆላ አገር የመኝታ ቤት ዕቃ ሆኗል። ኮምፕሬሰሩ ከቤት ውጭ በቆመው ክፍል ውስጥ ያለ ሲሆን ሕጉ ከፍሪጁ አይለይም። አየር ማቀዝቀዣው ሞቷል ሲባል አስቀድሞ ካፓሲተሩ ይመርመር፤ ይህ ትንሽ ዕቃ በሙቀት አብጦ መበላሸቱ የተለመደ ነው። ከዚያ የውጭው ክፍል ከአቧራ ይጽዳ፤ የውስጡም ማጣሪያ ይታጠብ፤ የኃይሉም ልክ ይለካ። ኮምፕሬሰሩ ሞቶ ከተገኘ፣ ጋዙም እየቀረ ያለው አር-22 ከሆነ፣ ለአሮጌው ከመክፈል በፊት የአዲሱን ዋጋ መጠየቅ ብልህነት ነው።

በዚህ ስፍራ ለባለሙያዎቹም ጥቂት ቃል አለን። ጤነኛውን ሞተር «ሞቷል» ብሎ ነቅሎ መውሰድ፣ አሮጌውን ቀለም ቀብቶ አዲስ ነው ብሎ መሸጥ፣ በሐሰት ሚዛን ቡና ከመግዛት በምንም አይለይም። የማያውቁትን «አላውቅም» ማለት ግን ነውር የለበትም፤ ደንበኛን ያተርፋል እንጂ አያሳጣም። ባለቤቶችም በበኩላችን ድርሻ አለብን። መርምሮ «ሞተሩ ደኅና ነው፤ ይህች ትንሽ ዕቃ ብቻ ትለወጥ» ያለንን ሰው የዕቃዋን ዋጋ ብቻ ከፍለን የምንሸኘው ከሆነ፣ ነገ እውነት መናገር እንደማይጠቅመው እያስተማርነው ነው። የምርመራውና የዕውቀቱ ዋጋ ተለይቶ ሊከፈለው ይገባል። ለሠራተኛ ዋጋውን መከልከል በክርስቲያን ቤት ሊሰማ የማይገባ ነገር ነው።

እንግዲህ «ምን ገደለው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ጥበቃው ቀላል ይሆናል። ኃይሉ የሚዋዥቅ ከሆነ ስታቢላይዘር ይገዛ፤ ሲገዛም መብራት ከተመለሰ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ መሆኑ ይታይ። ይህን ለመግዛት ያልቻለ መብራት በጠፋ ቁጥር ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከተመለሰ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይሰካ። ነጎድጓድ ሲቀርብም አስቀድሞ ይንቀለው። ፍሪጁ የራሱ ሶኬት ይኑረው፤ ከምጣዱ ጋር በአንድ ገመድ አይሁን። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። የበሩን ጎማ ለመፈተን ወረቀት በበሩ መካከል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ይበቃል፤ ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ጎማው ላልቷል።

ጊዜውን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን የሠራችልን ሥርዓት ለዚህም ይመቻል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሥጋው፣ ወተቱና ቅቤው ከፍሪጁ ይወጣሉ፤ ዕቃው እንደ ባለቤቱ ሆዱ ይቀላል። ወቅቱም የቡናው ሽያጭ ባለቀበት፣ የክረምቱ ነጎድጓድ ደግሞ ገና ባልበረታበት ጊዜ ላይ ይውላል። እንግዲህ በጾሙ መጀመሪያ ሳምንት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሶኬቱ ይነቀል፤ በረዶው ይቅለጥ፤ በኋላ ያለው ብረት በለስላሳ ብሩሽ ከአቧራ ይጽዳ፤ ጎማው ይታይ፤ ባለሙያም የሚጠራ ከሆነ በዚህ ቀን ይጠራ። ይህን ያደረገ ቤት የፋሲካውን ሥጋ ያለ ስጋት ያስቀምጣል። ይልቁንም በሐምሌ ጨለማ የእናቱን መድኃኒት ይዞ የጎረቤት ደጅ ከመምታት ይድናል።

የንስሐ አባት የልጁን ኃጢአት ሲሰማ ቀኖና ሰጥቶ ብቻ አያሰናብተውም፤ ወደዚያ የወሰደው መንገድ የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቀዋል፤ መንገዱ ካልተዘጋ እግሩ እንደ ገና ይሄድበታልና። በቤታችን የተበላሸውን ዕቃ ሁሉ በዚህ መንፈስ ብንመለከተው ገንዘባችንም ይድናል፤ ከባለሙያው ጋር ያለን መተማመንም ይጸናል። በሚመጣው ወር እግዚአብሔር ቢፈቅድ ስለ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ አዘረጋግና ሕፃናትን ከአደጋ ስለ መጠበቅ እንጽፋለን። እስከዚያው ድረስ ቸር ይግጠመን።

ይቆየን።